እጄ ፊልም ላይ ወጥቶ እናቴን የካድኩ ለታ

ቁጭ ብላችሁ አንብቡ፤ ቆሞ የሚነበብ ውርደት አይደለም።

ዛሬ ከሰዓት የልጄ ልጅ ራሔል ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችና «ሐቦባ፣ ተመልከቺ!» አለችኝ። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አያቷን ሐቦባ ነው የምትለኝ።

ስልኩ ላይ አንዲት የጭቃ ዶሮ ትራመዳለች። ትቆማለች። ጥሬ ትለቅማለች።

«ይሄ ስቶፕ ሞሽን ይባላል፤ አንቺ አይገባሽም» አለችኝ።

እኔን! ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄኔ ነው!

«አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ሳትወለድ እኔ ይሄን ሠርቻለሁ» አልኳት። ሳቀች። እናቷን ጠርታ ነገረቻት፤ እናቷም ሳቀች። በገዛ ቤቴ ሁለት ትውልድ ሳቀብኝ።

እንግዲህ ስንት ዘመን አፍኜ የያዝኩትን ልናዘዝ ነው። ላይክ ብቻ አድርጋችሁ እንዳታልፉኝ፤ ወይ ይፈረድልኝ፣ ወይ ይፈረድብኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔና እናቴ፣ እምየ ነው የምላት፣ ከአርማጭሆ ተነስተን በእግርም በሎሪም ብለን ሱዳን ገብተናል። ከዶካ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለ የስደተኛ ሰፈር አንዲት የሣር ጎጆ አለችን። ስሜ ታደለች ነው፤ ያኔ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

አሁን ምስጢሩን ስሙ።

እኛ ሸክላ ሠሪዎች ነን።

አገር ቤት ይሄ ምን ማለት እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ። እንስራችንን ይገዛሉ፣ በድስታችን ወጣቸውን ይሠራሉ፣ እኛን ግን ይሸሹናል። ቡዳ ናቸው ይሉናል። ልጃቸውን ለልጃችን አይድሩም። እምየ ሸክላዋን ተሸክማ ገበያ ስትገባ ሴቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። እኔም እያየሁ ነው ያደግኩት።

ስለዚህ ጓንግን እንደተሻገርን እምየ እጇን በወንዙ ውሃ ታጠበችና «ታደል፣ ከእንግዲህ ጭቃ የሚባል ነገር አናውቅም» አለችኝ።

አላወቅንም! አራት ዓመት ሙሉ አላወቅንም!

ደግሞ የሚመሰክርብን ሰው የለም። ያን ድንበር ሲሻገር የባላባት ልጅ ያልሆነ ሰው ነበር እንዴ? ሰፈሩ በሙሉ ባላባት! ጫማ ያለው ግን ከስንት አንድ ነው።

እምየ ብቻ አንዳንዴ ትሳሳታለች። ዶካ ሱቅ ዚር ልንገዛ ስንሄድ፣ ያንን ውሃ የሚቀዘቅዝበትን ትልቅ ጋን፣ ሳታስበው በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ታደርገዋለች። ጆሮዋን ታስጠጋለች። «አልበሰለም» ትላለች። ከዚያ ትደነግጥና «አይ፣ እኔ ምን አውቄ» ብላ ነጠላዋን ትከናነባለች።

አሁን አስማረ ይግባ።

አስማረ ሰሊጥ ማሳ ላይ የሚሠራ ጎረምሳ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ። ወደድኩት። ምን ልደብቃችሁ፣ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ባዶ ጀሪካን ይዤ የተመለስኩባቸው ቀናት ነበሩ። እሱም ወደደኝና ሽማግሌ ላከ።

እናቱ እሜት አልጋነሽ ግን ዘር ቆጣሪ ናት! እስከ ሰባት ቤት ካልተቆጠረልኝ አለች። እምየ ሰባቱንም ቤት እዚያው ቁጭ ብላ ፈጠረቻቸው። ቅድመ አያቴን ፊታውራሪ አደረገችው። ነፍሱን ይማረውና ሰውየው ዕድሜ ልኩን የዘመተው የሸክላ አፈር ላይ ነበር።

እሜት አልጋነሽ እሺ አለች። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ።

እስከዚያ ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጭቃ አለመንካት።

ቀላል አይደል?

በዚያው ሰሞን ከካርቱም አንድ ሰው መጣ። ኡስታዝ ኸሊል ይሉታል፤ እዚህ የተማረ ሰው ሁሉ ኡስታዝ ነው። መነጽር ያደርጋል፣ ሦስት እግር ያለው ካሜራ ይዞ ይዞራል፣ ሲጋራ ካፉ አይለይም። በሰፈራችን ተቅማጥ ሕጻናቱን እየጎዳ ስለነበር፣ ስኳርና ጨው በንጹሕ ውሃ በጥብጦ ማጠጣትን ለእናቶች የሚያሳይ ፊልም ሊሠራ ነው የመጣው።

መጀመሪያ እናቶችን ላንሳ አለ። ማን ትነሳለታለች! «የታመመ ልጄን ለሰው ዓይን ልስጠው?» እያሉ ሸሹት።

በአሻንጉሊት ልሥራው አለ። ከካርቱም ያመጣው፣ ሰም ሰም የሚል ባለቀለም ጭቃ ነበረው። የኛን ፀሐይ ግን አላማከረም! ጠዋት ያቆማት እናት ቀትር ላይ አንገቷ ደረቷ ውስጥ ገባ። አመሻሹ ላይ እናትና ልጅ ተለውሰው ገንፎ ሆኑ።

ከዚያ የኛኑ ጥቁር አፈር አስቆፈረና ራሱ ይሠራ ጀመር። ከክሊኒኩ ጥላ ሥር፣ ሰው ሁሉ እያየው። እኔ እዚያው አጠገብ ካለው ቧንቧ ለውሃ ተሰልፌያለሁ።

የሠራት ሴት ስኳር ድንች ትመስላለች። አፍንጫዋ ጉንጯ ላይ ነው። ልጇን ደግሞ... ልጇን ተዉት።

ተራዬ ደረሰ። ከኋላዬ ያለችው ሴት «ቅጂ እንጂ!» ትለኛለች። እኔ ዓይኔ የጭቃዋ ሴት አፍንጫ ላይ ነው። ጀሪካኔን አስቀመጥኩ፣ ሰልፉ ቧንቧው ላይ ሲገፋፋ፣ ኡስታዝም ዞር ሲል ጠጋ አልኩ፣ አፍንጫዋን ወደ ቦታዋ መለስኩላት።

አንድ አፍንጫ! አንድ አፍንጫ ብቻ ነው ያስተካከልኩት!

ኡስታዝ ዘወር ሲል ሲጋራው ካፉ ወደቀ። «ማን አስተማረሽ?» አለኝ በዐረብኛ። «ማንም» አልኩት። ለመነኝ። እምቢ አልኩ። በማግስቱም ለመነኝ። በሦስተኛው ቀን፣ በተዘጋ ክፍል ከሆነና ማንም እንዳያውቅ ከማለልኝ እሺ አልኩት። ማለልኝ።

ለምን እሺ አልሽ ትሉኝ ይሆናል። አራት ዓመት እጄን በልቶኛላ! ማታ ማታ የእንጀራ ሊጥ ስነካ እንኳ ልቤ ይደነግጥ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ለአስማረም ለእምየም «ለኡስታዙ ክፍል እጠርጋለሁ» አልኳቸው።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አፈሩን እንደ እናቴ ሙያ ከተፈጨ ገል ጋር አሸሁት፤ አለዚያ ጥቁር አፈር በአንድ ቀን ነው የሚሰነጠቀው። ስንዝር ተኩል የምታህል እናት ሠራሁ፣ ልጇን ሠራሁ፣ ጋኗንና ኩባያዋን ሠራሁ። ከዚያ እናትየዋን እግሯን ትንሽ ገፋ፣ ካሜራው ጠቅ። ትንሽ ገፋ፣ ጠቅ። አንዲት እርምጃ ለመራመድ ግማሽ ሰዓት! እኔ ከአርማጭሆ ሱዳን የገባሁት ከዚህ ፈጥኜ ነው።

«ቅርጽ የሚሠራ ሰው አንዴ ሠርቶ ይሄዳል» አለኝ ኡስታዝ። «አንቺ ግን ያችኑ ሴት በየእርምጃዋ እንደ አዲስ ትሠሪያታለሽ። ፊልሙ የሚያደርገው ማገጣጠም ብቻ ነው።»

ገባኝ። ደስም አለኝ። ሸክላ ሠርቼ ደስ ሲለኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አገር ቤት እየተሳቀቅኩ ነበርና የምሠራው።

አንድ ቀን ኡስታዝ ለሥራ ጉዳይ ገዳሪፍ ውሎ ማደር ነበረበት። ጭቃው ደግሞ እስኪመለስ አይጠብቅም። በካሜራው ላይ አንድ ረጅም ገመድ አለ፤ ጫፉን ሲጫኑት ጠቅ ይላል። እሱን በግራ እጄ አስያዘኝና «ነቅነቅ አድርጊ፣ እጅሽን አንሺ፣ ጠቅ። እጅሽን ማንሳት እንዳትረሺ» አለኝ።

«ማፊ ሙሽኪላ!» አልኩት። ችግር የለም ማለቴ ነው። ችግሩ ያለው ግን እኔው ዘንድ ነበር።

በእኛ ቤት እጅ ከሸክላ ላይ እንዲሁ አይነሳም። እናቴም አያቴም፣ አንድን ሸክላ ነክተው ሲለቁት በእጃቸው ጀርባ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጉታል። ካላደረጉት ሸክላው ይከፋዋል ይላሉ። እኔ ሳላስበው ነው የማደርገው። እጄን አነሳለሁ፤ እጄ ግን ተመልሶ ይሄዳል፤ መታ መታ ያደርጋል፤ ግራ እጄ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ጠቅ!

ቀኑን ሙሉ!

አመል ያወጣል ከመሀል አሉ።

ኡስታዝ ሲመለስ እስከ ክርኔ ጭቃ ሆኜ አገኘኝ። በጣም ረካ። ካሜራውን ወደኔ አዞረና «ታደለች፣ ወዲህ እዪ፣ ሳቂ» አለኝ። ብርሃኑን እየለካ መስሎኝ ጥርሴን ሁሉ አሳየሁት።

ፊልሙ ለእጥበት ካርቱም ሄደ። ኡስታዝም ቀድሞ ሳያየው ተመልሶ የመጣው በጾሙ ማለቂያ ላይ ነው፤ ሠርጌ ሦስት ሳምንት ሲቀረው።

የሚታየው በጠራራ ፀሐይ፣ ማሽላ በሚከማችበት ማኽዘን ውስጥ ሆነ። በሩ ሲዘጋ ጨለማ ነው። ግድግዳው ላይ አንሶላ ተወጠረ። ሰፈሩ ሁሉ ገባ። ሙቀቱ፣ የእህሉ አቧራ፣ የሕጻኑ ለቅሶ! እሜት አልጋነሽ ከፊት፣ ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። አስማረ ከኋላዋ ቆሟል። እምየ ከኔ አጠገብ ናት። እኔ ምንም አልፈራሁም። ክፍል እንደምጠርግ ነው የሚታወቀው፤ አሻንጉሊት ደግሞ የሠሪውን ስም አይናገር!

ፊልሙ ጀመረ።

የጭቃዋ እናት ተራመደች።

«በስመ አብ!» አሉ ቄሱ። «ነፍስ ዘራች!» አለች አንዷ። እኔ ልቤ በደስታ ሊወጣ ደረሰ። ያቺ ሴት በእኔ እጅ ነበራ የተራመደችው! ልጇን ታቅፋለች፣ ውሃውን ትቀዳለች፣ ስኳሩን ትጨምራለች...

በድንገት ከሰማይ አንድ ትልቅ እጅ ወረደና ራሷን በጥፊ መታት።

ጠፋ።

ሁለት እርምጃ ተራመደች። እጁ መጣ። መታት። ጠፋ። ጨው ልትጨምር ስትል መጣ። መታት!

ማኽዘኑ በሳቅ ፈረሰ። ሕጻናቱ «ደገማት! ደገማት!» ይላሉ። እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። ግን አሁንም ማን ያውቃል? እጅ ያው እጅ ነው፤ የኡስታዝ ነው ይላሉ።

እምየ ግን ወደ ፊት እየተሳበች ነበር። አንገቷን አስግጋለች። ዓይኗ አንሶላው ላይ ነው። እጁ ለአምስተኛ ይሁን ለስድስተኛ ጊዜ ሲመጣ ብድግ አለችና፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣

«ውሃ አብዝተሽበታል!» ብላ ጮኸች። «አንቺ ልጅ፣ ውሃ አብዝተሽበታል! ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ፣ እርጥቡን ሸክላ ቀስ ብለሽ ምቺው እያልኩ!»



የሚስቁት ሁሉ ወደ እምየ ዞሩ።

እሜት አልጋነሽ ዘወር አለች። እምየን አየች። እኔን አየች። እንደገና ግድግዳው ላይ ያለውን እጅ አየች። «ሸክላ?» አለች። «አንቺ እሜት፣ ሸክላ ነው ያልሽው?»

እዚህ ላይ ነው የኔ ኃጢአት።

ብድግ አልኩና «እናቴን ሙቀት መቷት ነው!» አልኩ። «ሰሞኑን ትዘባርቃለች። ያ እጅ የኔ አይደለም! እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ እኛ ሸክላ የሚባል ነገር በዘራችንም የለ!»

እምየ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠችና «አዎ፣ ልጆቼ» አለች፤ «ሙቀት ነው። ምን እንዳልኩም አላውቅ።»

እምየ አፍ አውጥታ ራሷን ስታሳብድልኝ እኔ እፎይ አልኩ። እፎይ! ከውርደቴ ሁሉ ይቺን እፎይታ ነው የማፍርባት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔው ግን አላደረም።

ምክንያቱም ፊልሙ አላለቀም ነበር።

የጭቃዋ እናት ልጇን አጠጣች፣ ልጁ ተነስቶ ሮጠ፣ ከዚያ... እኔ! ግድግዳውን የሞላ የኔ ፊት! አፍንጫዬ ላይ ጭቃ፣ ክንዴ ላይ እስከ ክርኔ ጭቃ፣ ጥርሴን ሁሉ ገልጬ! ኡስታዝ ማንም እንዳያውቅ መማሉን ረስቶ አይደለም፤ ሥራው ካማረ በኋላ ደስ ይላታል ብሎ አስቦ እንጂ። ከፊልም ማሳያው ማሽን ኋላ ብድግ ብሎ እያጨበጨበ «ሠሪዋ ይቺ ናት! ይቺ ናት!» ይላል በዐረብኛ።

ብቻውን ነበር የሚያጨበጭበው።

አፈር በበላሁ!

እሜት አልጋነሽ ነጠላዋን አራገፈችና ወጣች። አስማረ ተከተላት። እኔ ጆንያዎቹ መሀል ተቀምጬ ቀረሁ። እምየ እጄን ይዛ አወጣችኝ።

ቤት ገብተን እግሯ ላይ ወደቅኩ። «እምየ፣ ካድኩሽ። ይቅር በይኝ» አልኳት። እንባዬን በነጠላዋ ጠረገችልኝና «ይቅር ብያለሁ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ውሃ ግን አብዝተሽበት ነበር» አለች።

እየሳቅሁ አለቀስኩ። እሷም እንደዚያው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። አስማረም ከኋላቸው አለ። ዘራችንን አንስተው ሊሰድቡን ነው ብዬ ጠበቅኩ። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አያ ፈንቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሜት አልጋነሽ የላከችው ቃል ይሄ ነው» አሉ። «የሸክላውን ነገር ተመካክረን እናልፈው ይሆናል። ነገር ግን በአደባባይ እናቷን የካደች ልጅ፣ ነገ እኔንም ባሏንም ትክዳለችና ይቅርብኝ ብላለች።»

እውነቷ ይሁን ሰበብ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን ምን እመልሳለሁ? ዘርሽ አይሆንም ቢሉኝ እከራከር ነበር። ይሄን እንዴት አድርጌ ልከራከር?

አስማረን አየሁት። አንድ ነገር ይል ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። መሬት መሬት ያያል።

የተናገረችው እምየ ናት። ቀና ብላ፣ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ፣ «አያ ፈንቴ፣ ልጄን አትውቀሱብኝ» አለች። «ልጄ መካድን የተማረችው ከኔ ነው። ጓንግ ላይ እጄን ታጥቤ ሙያዬን የካድኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ያየችውን ደገመች። በሉ ይኸው እኔ ሸክላ ሠሪ ነኝ፤ እናቴም ነበረች። ሂዱና ይሄንንም ንገሩ።»

ሽማግሌዎቹ ተነስተው ሄዱ። ሠርጉ ቀረ። አስማረ በዚያው ወር በሎሪ ወደ ገዳሪፍ ወጣ፤ ሌላ አገባ ሲሉ ሰማሁ። እኔም ቆይቼ ጥሩ ሰው አገባሁ።

ፊልሙ ግን መች ቀረ! እስከ ሾዋክ ከተማ ድረስ በየስደተኛ ሰፈሩ ዞረ። ገበያ ስወጣ የማላውቃቸው ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው እየመጡ «ያቺን የጭቃ ሴት በጥፊ የምትመቺያት አንቺ ነሽ?» ይሉኛል። የልጆቻቸውን ፊት የሸፈኑም ነበሩ፣ ያልሸፈኑም ነበሩ። ስኳርና ጨው መበጥበጡን ግን ሁሉም ያውቁታል፤ ጥፊው ነው ያስታወሳቸው።

እኔ ደግሞ ማንነቴን የምደብቅበት ቦታ ስላጣሁ፣ «ነኝ» ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ ቀስ ብዬ ነበር የምለው። ኋላ ለመድኩት። እምየ አጠገቤ ከነበረች ድምፄን ከፍ አደርገው ነበር።

ይኸው ነው ኑዛዜዬ። ትምህርቱን ራሳችሁ ፈልጉ፤ እኔ ትምህርት ብይዝ ኖሮ ያ ሁሉ አይደርስብኝም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። «እግዚአብሔር ምስክሬ ነው» ብሎ በማለ በደቂቃው፣ እግዚአብሔር እውነትም መስክሮበት ግድግዳ ላይ የወጣ ከእኔ ሌላ ሰው አለ? ካላችሁ እባካችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልሁን።